ስምንት ደቂቃ አይበቃትም

ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋት ቀን ፊቷን አላየሁትም። ያየሁት ጀርባዋን ነው። ኬጁ ውስጥ የኋላው ጥግ ላይ ተጠቅልላ፣ አፍንጫዋን ግድግዳው ላይ ለጥፋ፣ ግራና ቀኟ ያሉት ውሾች በሩ ላይ እየዘለሉ ጆሮ እስኪደነቁር ሲጮሁ እሷ ንቅንቅ አትልም ነበር፣ እኔም የታመመች መስሎኝ ሮጬ ሰው ጠራሁ። ሰራተኛው መጥተው አይተዋት "አልታመመችም፣ ፈርታ ነው፣ እንዲህ ከሆነች ዛሬ ዘጠኝ ቀኗ" አሉኝ። ስሟ ዝምታ ነው፣ ስሙን ያወጡላትም እሳቸው ናቸው።

የህዝብ የእንስሳት መጠለያ ውስጥ ቮለንቲየር መሆን ከጀመርኩ እነሆ ሁለት አመት ሊሞላኝ ነው፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ አንዳንዴ ሁለት። ብዙ ሰው "ታድለሽ፣ ቀኑን ሙሉ ከቡችላ ጋር ስትጫወቺ ትውያለሽ" ይለኛል። አልፈርድባቸውም፣ እኔም ስመዘገብ ያሰብኩት እሱኑ ነበር። ግን የመጀመሪያዎቹን አራት ሳምንታት አንድም ውሻ በገመድ ይዤ አልወጣሁም። ሳህን አጠብኩ፣ ብርድ ልብስ አጠብኩ፣ ወለል ፈገፈግኩ፣ ከዛ ደሞ ሌላ ሳህን አጠብኩ። ከፍቶኝ ነበር። በኋላ አንድ ቅዳሜ ሶስት ቡችሎች በፓርቮ ታመው ሳይ ነው ያ ሳህን ማጠብ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ።

ፓርቮ አንጀት የሚያጠቃ ቫይረስ ነው፣ ውሾች ላይ በአለም ዙሪያ የተሰራጨው እ.ኤ.አ. በ1978 አካባቢ ነው፣ ያልተከተበ ቡችላ ከያዘ በትውከትና ደም ባለው ተቅማጥ አድርቆ በጥቂት ቀን ውስጥ ሊገድለው ይችላል። የሚያስፈራው ደሞ ጽናቱ ነው፣ መሬት ላይ፣ ጫማ ስር፣ ሳህን ላይ ለወራት ይቆያል፣ ከተመቸው አንድ አመት ድረስ። እጃችን ላይ የምንቀባው አልኮል አይገድለውም። በረኪና ይገድለዋል፣ አንድ እጅ በረኪና በ32 እጅ ውሃ ተበጥብጦ 10 ደቂቃ ያህል ሲቆይበት፣ ግን በረኪና ቆሻሻ ላይ ሲፈስ አቅሙን ያጣል፣ ስለዚህ መጀመሪያ በሳሙና ፈግፍጎ ማጠብ ነው፣ በረኪናው ከዛ በኋላ ነው የሚመጣው። የማጽዳቱም ቅደም ተከተል አለው፣ መጀመሪያ ጤነኛ ቡችሎች፣ ቀጥሎ ጤነኛ ትልልቆቹ፣ የታመሙት መጨረሻ፣ ከታመሙት ክፍል ወጥቶ ወደ ቡችሎቹ መመለስ የሚባል ነገር የለም። ክትባቱም በር እንደገቡ ነው የሚሰጠው፣ ነገ ይደርሳል አይባልም፣ እናትየው በወተቷ ያወረሰቻቸው መከላከያ ክትባቱን ሊያከሽፈው ስለሚችል ደሞ በየሁለት ሶስት ሳምንቱ ይደገማል፣ 16 ሳምንት እስኪሞላቸው፣ በሽታው ከባሰ እስከ 20 ሳምንታቸው። ከሶስቱ ቡችሎች አንዷ ተረፈች። ከዛ ቀን በኋላ ሳህን ሳጥብ ከፍቶኝ አያውቅም።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ብዙ ሰው ግራ ሲጋባበት ስለማይ ነው። የህዝብ መጠለያ ከግል የእንስሳት ድርጅት የሚለየው ዋናው ነገር በሩን መዝጋት አለመቻሉ ነው። የግሉ "ሞልቷል" ብሎ መመለስ ይችላል፣ ቆንጆ ቆንጆውን፣ ጤነኛ ጤነኛውን መርጦ መቀበልም ይችላል። የህዝቡ ግን መኪና የገጨው፣ ያረጀ፣ ሰው የነከሰ፣ ባለቤቱ የሞተበት፣ ሌሊት በር ላይ ታስሮ የተገኘ፣ ሁሉንም ነው የሚቀበለው። ይሄንን ሳያውቁ "እነሱ ውሻ ይገድላሉ፣ ጨካኞች ናቸው፣ እዛኛው ግን አይገድልም" የሚሉ ሰዎች ሳይ በጣም ያመኛል፣ ምክንያቱም እዛኛው የመለሰው ውሻ የት እንደሄደ ማንም አይጠይቅም።

እስቲ ሂሳቡን አብረን እናስላው። በቀን በአማካይ 10 ውሻ የሚገባበት መጠለያ አለ እንበል። እያንዳንዱ ውሻ ቤት እስኪያገኝ 30 ቀን የሚቆይ ከሆነ በየትኛውም ቀን ግቢ ውስጥ 300 ውሻ አለ ማለት ነው። ያው 10 ውሻ በቀን እየገባ ቆይታው 15 ቀን ቢሆን ግን 150 ብቻ። አንድም ኬጅ ሳይሰራ፣ አንድም ሰራተኛ ሳይጨመር ግማሹ ጭንቅንቅ ይጠፋል፣ በሽታው ይቀንሳል፣ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ሰአትም እጥፍ ይሆናል። እኔ ይሄን እስካውቅ ድረስ የመጠለያ ችግር የቦታ ማነስ ነው ብዬ ነበር የማምነው። አሁን የቀን ጉዳይ እንደሆነ ነው የማየው፣ ውሻው ስንት ቀን ቆየ፣ ለምን ቆየ፣ ምን ቢደረግለት ነገ ይወጣ ነበር።

ወደ ዝምታ ልመለስ። እሷን ከሁሉ ያቆያት ጀርባዋ ነው። ሰው ቅዳሜ ከሰአት ይመጣል፣ ኮሪደሩን ይዞ ይሄዳል፣ በሩ ላይ ጭራውን እየቆላ የሚዘለው ጋ ይቆማል፣ እሷ ጋ ሲደርስ ከንፈሩን ይመጥና "ውይ ስታሳዝን" ብሎ ያልፋል። ጎበዝ፣ ያ ቦታ እኮ ለውሻ ጆሮ ምን እንደሆነ አስቡት፣ የመጠለያ ኬጆች ውስጥ ጩኸቱ ከ100 ዴሲቤል በላይ ይደርሳል፣ የኛ ጆሮ የማይሰማውን የሚሰማ እንስሳ ቀን ከሌት እዛ ውስጥ ነው ያለው። የማያውቀው ሽታ፣ የማያውቀው ሰው፣ የሚደበቅበት ቦታ የለም፣ መብራቱ ከላይ ቦግ እንዳለ ነው። እዛ ጥግ ላይ የተኛችው ዝምታ ትክክለኛዋ ዝምታ አይደለችም። ሆስፒታል አልጋ ላይ በህመም የሚያቃስትን ሰው አይቶ "ይሄ ሰው ጨዋታ አይችልም" እንደማለት ነው።

ጋሼ (ከሰራተኞቹ ሁሉ የቆዩት እሳቸው ናቸው፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው) አንድ ቀን ጠርተውኝ "ስልክሽን አስቀምጪ፣ ዝምታ ጋ ግቢ፣ ጀርባሽን ስጪያትና መሬት ተቀመጪ፣ አትያት፣ አትጥሪያት፣ አትንኪያት" አሉኝ። ለስንት ደቂቃ ነው ስላቸው "እሷ እስክትነግርሽ" አሉ። የመጀመሪያው ቀን 40 ደቂቃ ተቀመጥኩ፣ ምንም። በሳምንቱም ምንም። በሶስተኛው ከኋላዬ የጥፍር ድምጽ ሰማሁ፣ ቀስ ብላ ተነስታ መጥታ የኋላ ኪሴ ውስጥ ያለውን ቁልፍ አሸተተች፣ እኔ ደሞ ደስታዬን መቋቋም አቅቶኝ ዞር አልኩ። በቃ። ደንግጣ መሬት ላይ ሸናች፣ ተመልሳ ግድግዳው ላይ ተለጠፈች፣ እንደገና እስክትነሳ ሁለት ሳምንት ፈጀባት። ያቺን ዞር ማለቴን እስከዛሬ አልረሳትም። ውሻ ላይ ማጎንበስ፣ አይኗን ትኩር ብሎ ማየት፣ እጅን ከላይ ወደ ጭንቅላቷ መስደድ፣ ለኛ ፍቅር ነው፣ ለፈራች ውሻ ግን ማስፈራሪያ ነው። ሰው ይሄን ቢያውቅ ስንቱ ውሻ "ተናካሽ" ተብሎ ከመመዝገብ ይድን ነበር።

እግረ መንገዴን፣ ጭራ መቁላት ሁልጊዜ ደስታ አይደለም፣ ጭራዋን ቀጥ አድርጋ አቁማ ቶሎ ቶሎ የምታንቀጠቅጥ ውሻ ተወጥራለች ማለት ነው። ምግብ ሳይኖር ከንፈሯን የምትልስ፣ እንቅልፍ ሳይመጣባት የምታዛጋ፣ ፊቷን አዙራ በአይኗ ነጭ የምታያችሁ ውሻ "እባክህ ትንሽ ራቅ በልልኝ" እያለች ነው። ይሄን ችላ ስንላት ነው ማጉረምረም የምትጀምረው፣ ስታጉረመርም ደሞ መቆጣት የለብንም፣ ማስጠንቀቂያዋን ከከለከልናት የሚቀራት መንከስ ብቻ ነው። ልጆች ያላችሁ ይቺን ብቻ ብታስተምሯቸው ትልቅ ነገር ነው።

እና የሚገርማችሁ ነገር፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ አንድ ጥናት አለ፣ ውሻ ሊወስዱ መጠለያ የመጡ ሰዎች አንድ ውሻ ይዘው ወጥተው ከመወሰናቸው በፊት በአማካይ አብረውት የሚቆዩት 8 ደቂቃ ብቻ ሆኖ ነው የተገኘው። ስምንት! ለአስር አመት፣ ለአስራ አምስት አመት አብሮ ለመኖር ነው እኮ። በዛች ሰአት ውስጥ ሰዎቹን ያሳመናቸው ደሞ የውሻው ቁንጅና ወይም ትእዛዝ ማወቁ አልነበረም፣ ሁለት ነገር ነው፣ ሰውየው ሊያጫውተው ሲል ችላ አለማለቱና አጠገባቸው መተኛቱ። ይሄን ሳነብ ዝምታ ናት ፊቴ ላይ የመጣችው። ስምንት ደቂቃ ውስጥ እሷ ከግድግዳው አፍንጫዋን አታነሳም። ታዲያ እኛ ቮለንቲየሮች ምን እናድርግ ስንል፣ ቀሪውን ደቂቃ እኛ እንስጣት ተባለ። ሰው ከመምጣቱ በፊት ያለውን ሰአት፣ ጠዋቱን፣ ማክሰኞውን፣ ሐሙሱን።

የድመቶቹ ክፍል ሌላ አለም ነው። እዛ ጩኸት የለም፣ ግን ፍርሃቱ ያው ነው፣ ዝም ያለ ፍርሃት ስለሆነ ሰው አያየውም እንጂ። ብዙ ድመቶች የጉንፋን ቫይረሱን ይዘውት ነው የሚገቡት፣ ተኝቶ የነበረው ቫይረስ ሰውነታቸው በጭንቀት ሲደክም ይነሳል፣ አይናቸው ይለጠፋል፣ አፍንጫቸው ይዘጋል፣ ድመት ደሞ ማሽተት ካልቻለች አትበላም፣ ካልበላች ጉበቷ ይጎዳል። እዚህ ላይ ትልቁ መድሃኒት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ካርቶን። እውነቴን ነው፣ ባዶ ካርቶን። እ.ኤ.አ. በ2014 ኔዘርላንድ ውስጥ አዲስ የገቡ የመጠለያ ድመቶችን ለሁለት ከፍለው ለግማሾቹ መደበቂያ ሳጥን ሰጧቸው፣ ሳጥን ያገኙት በጣም ቶሎ ነው የተረጋጉት። እና ቤታችሁ ካርቶን ስትጥሉ በአቅራቢያችሁ ያለ መጠለያ ደውላችሁ ጠይቁ፣ ብዙ ጊዜ ይፈልጉታል፣ አሮጌ ፎጣም እንደዛው። ሌላው ደሞ ድመት ጋ ስትገቡ አይናችሁን ቀስ አድርጋችሁ ከደን፣ ቀስ አድርጋችሁ ገለጥ አድርጉ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ጥናት ድመቶች ለዚህ መልሰው አይናቸውን ጨፈን እንደሚያደርጉ፣ የማያውቁት ሰው እጁን ሲዘረጋላቸውም የመቅረብ እድላቸው እንደሚጨምር አሳይቷል። እኔ ከሰራሁት ሁሉ የምወደው ስራ ይሄ ነው፣ አንዲት ካርቶን ውስጥ ያለች ድመት ፊት ቁጭ ብዬ አይኔን መጨፈን።

እናት የሌላቸው የድመት ልጆች ሲመጡ ግን የካርቶን ጉዳይ አይደለም፣ የሰው ጉዳይ ነው። በየሁለት በየሶስት ሰአቱ ነው የሚጠቡት፣ ሌሊትም ጭምር፣ መጠለያው ደሞ ማታ ሰራተኛ የለውም። ለጊዜው ቤቱ ወስዶ የሚያሳድግ (ፎስተር የሚያደርግ) ሰው ካልተገኘ እነሱ እስከ ጠዋት አይደርሱም። እኔ አንድ ጊዜ አራት ወስጄ ነበር፣ አይናቸው ገና አልተገለጠም (ከሰባት እስከ አስራ አራት ቀናቸው ውስጥ ነው የሚገለጠው)። የማላውቀው ብዛቱ! የላም ወተት እንደማይስማማቸው፣ ለነሱ የተዘጋጀ የራሱ የዱቄት ወተት እንዳለ፣ የቀዘቀዘ ልጅ ሳይሞቅ መመገብ አደጋ እንደሆነ፣ እንደ ሰው ልጅ በጀርባ ሳይሆን በሆዳቸው ተኝተው መጥባት እንዳለባቸው፣ ከጠቡ በኋላ ደሞ እናታቸው በምላሷ እንደምታደርገው በእርጥብ ጥጥ ካልተነካኩ ራሳቸው መሽናት እንደማይችሉ። ሶስቱ አደጉ። አራተኛው በአምስተኛው ሌሊት እጄ ላይ ሞተ፣ ከሁሉም ትንሹ ነበር፣ አሁንም ሳስበው ሆዴ ይባባል።

ለዛ ነው ስለ ማምከን ሰው ሲከራከረኝ ዝም የማልለው። ድመት በአራት ወሯ ማርገዝ ትችላለች፣ እርግዝናው ወደ ዘጠኝ ሳምንት ነው፣ ገና እያጠባች እያለ እንደገና ልታረግዝ ትችላለች። "አንዴ ትውለድ፣ ያምርባታል" የሚባለው አንዴ መጨረሻው እኛ በር ላይ ያለ ካርቶን ነው። ክትባቱም እንዲሁ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ሰው ላይ ምልክቱ አንዴ ከታየ ማዳኛ የለውም ማለት ይቻላል፣ ሰው ላይ ከሚደርሰው 99 በመቶ የሚሆነው ከውሻ ነው፣ ግን በአንድ አካባቢ ካሉ ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ ስርጭቱ ይቆማል። ውሾቹን መግደል አላስቆመውም፣ መርፌው ነው የሚያስቆመው። ማንም ሰው ቢነከስ ደሞ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ አጥቦ፣ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ጋ፣ ይሄን ቮለንቲየር ስንሆን መጀመሪያ ያስተማሩን ነገር ነው።

ዝምታን መጠለያ በገባች በሁለተኛ ወሯ ሰው ወሰዳት። ባልና ሚስት ከሁለት ልጆች ጋር፣ ጥሩ ሰዎች፣ ልጆቹ ስሟን በወረቀት ጽፈው መጥተው ነበር። እኔ ቀኑን ሙሉ ስበር ዋልኩ። በአራተኛው ቀን መለሷት። "አትበላም፣ አልጋ ስር ገብታ ትንቀጠቀጣለች፣ ልጆቹ ሲጠጉ ትሸሻለች፣ እኛ ጋ ደስተኛ አይደለችም" አሉ። እኔ ምንም ሳልናገር ወደ ማጠቢያ ክፍሉ ገባሁ፣ አለቀስኩ፣ እውነት ለመናገር በጣም ነበር የተናደድኩባቸው፣ አራት ቀን እንዴት ይባላል ብዬ።

ጋሼ ተከትለውኝ ገቡ። "ልጄ፣ ወስደው ሜዳ ላይ ቢለቋትስ? በእጃቸው ይዘው በር ድረስ አመጧት እኮ። ሰው ሲመልስ ከተቆጣነው የሚቀጥለው ሰው አይመልስም፣ ይጥላል። አሁን ፊትሽን ታጠቢና ሂጂ ጠይቂያቸው፣ ቤት ውስጥ እንዴት እንደሆነች የሚያውቁ ብቸኛ ሰዎች እነሱ ናቸው" አሉኝ። ወጥቼ ጠየቅኳቸው። እናትየው እያለቀሰች ነበር ለካ። እና ምን አለችኝ፣ ቤት ውስጥ አንድም ቀን አልሸናችም፣ አልጮኸችም፣ ልጆቹ ተኝተው ቤቱ ጸጥ ሲል ትወጣለች፣ ሌሊት ላይ ሳህኑ ባዶ ሆኖ ይገኛል፣ በሶስተኛው ሌሊት ደሞ ትንሹ ልጅ መኝታ ቤት በር ላይ ተኝታ አገኘናት። በሁለት ወር ውስጥ እኛ ያላወቅነውን ሁሉ በአራት ቀን አወቁልን። ቤት ማርከስ የማታውቅ፣ ጸጥታ የምትወድ፣ ሰው መጠበቅ የጀመረች ውሻ ናት። ያን ቀን በሯ ላይ ያለውን ካርድ ቀደድኩትና እንደ አዲስ ጻፍኩት።

ከመጠለያ ውሻ ስለመውሰድ የምታስቡ ካላችሁ ይቺን የሶስት የሶስት የሶስት ነገር ያዙልኝ። ሶስት ቀን፣ የት እንዳለች ሳታውቅ በድንጋጤ የምታልፈው፣ ላትበላ ትችላለች፣ ልትደበቅ ትችላለች። ሶስት ሳምንት፣ የቤቱን ስርአት የምትለምድበት፣ እውነተኛ ጸባይዋም ችግሯም መታየት የሚጀምርበት። ሶስት ወር፣ "ቤቴ ነው" የምትልበት። ህግ አይደለም፣ ከውሻ ውሻ ይለያያል፣ ግን የመጀመሪያውን ቀን ዘመድ አዝማድ ጠርታችሁ አታሳዩአት፣ አታጥቧት፣ አንድ ጸጥ ያለ ክፍል፣ ውሃ፣ መኝታ፣ በቃ። በሩን ግን ጠበቅ አድርጉ፣ አዲስ ውሻ የሚጠፋው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። ማይክሮቺፕ (ከቆዳዋ ስር የተቀበረች መለያ) ስላላት ትገኛለች ብላችሁም አትዘናጉ፣ ቺፑ የሩዝ ፍሬ የምታክል ነገር ናት፣ ባትሪ የላትም፣ ያለችበትንም ቦታ አትናገርም፣ ስካነር ሲጠጋት 15 አሃዝ ቁጥር ብቻ ነው የምታወጣው፣ ያ ቁጥር በናንተ ስምና ስልክ ካልተመዘገበ ምንም ዋጋ የለውም። ስልክ ቀይረው ሳያስተካክሉ ቀርተው ውሻቸውን ያጡ ሰዎች በአይኔ አይቻለሁ።

ከተመለሰች በኋላ ጋሼ ለሁለት ሌሊት እኔ ቤት እንድወስዳት ፈቀዱልኝ። መጀመሪያ ላይ አቅማምቼ ነበር፣ ወስጄ መልሼ ኬጅ ውስጥ ስከታት የባሰ አይጎዳትም ወይ ብዬ። በኋላ ነው ያነበብኩት፣ እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመ ጥናት አሜሪካ ውስጥ ከአምስት መጠለያ 207 ውሾች ለአንድ ወይም ለሁለት ሌሊት ሰው ቤት እንዲያድሩ ተደርጎ የጭንቀት ሆርሞናቸው ከሽንታቸው ተለክቶ ነበር፣ ሰው ቤት ባደሩበት ጊዜ ቀነሰ፣ ሲመለሱ ደሞ ወደነበረበት ተመለሰ እንጂ ከበፊቱ አልባሰም። አንድ ሁለት ቀን እረፍት፣ ያ ነው። እኔ ቤት የመጀመሪያውን ሌሊት በር አጠገብ አደረች። በሁለተኛው ጠዋት ስነሳ በጀርባዋ ተንጋላ፣ አራት እግሯን ወደላይ ሰቅላ፣ አፏን ከፍታ ተኝታለች። ሰባ ምናምን ቀን ጀርባዋን ብቻ ሳይ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ሆዷ ነጭ መሆኑን ያን ቀን አወቅኩ። ፎቶ አነሳኋት፣ ያ ፎቶ ነው ኬጁ በር ላይ የተለጠፈው፣ ከአዲሱ ካርድ ጋር።

ሁሉም እንደሷ አይወጣም፣ ይሄንንም ሳልናገር ባልፍ እዋሻለሁ። ስቃዩ ሊቆም የማይችል ህመም ያለው አለ፣ በሰው ላይ ከባድ ጉዳት አድርሶ ለማንም መስጠት የማይቻል አለ፣ አንዳንዴ ደሞ፣ ይሄ ነው የሚያሳምመው፣ ኬጅ ውስጥ ቆይቶ ቆይቶ አእምሮው የተነካ፣ ቀኑን ሙሉ በአንድ ቦታ የሚሽከረከር፣ ጭራውን እየነከሰ የሚያደማ አለ። እነዛን ዶክተሯ በመርፌ ታሳርፋቸዋለች። እኔ ሁለቴ አብሬ ገብቻለሁ፣ ግዴታ አልነበረብኝም፣ ግን የሚያውቀው ሰው አጠገቡ ይሁን ብዬ። ዶክተሯ ከዛ በኋላ እጇን ለረጅም ጊዜ ትታጠባለች፣ ማንም አያናግራትም። ለእንስሳት ስትል የተማረች ሰው ናት፣ ከሰው ስድብ የሚደርሳት ግን በዚህ ነው። የሚሳደብ ሰው አንድ ቅዳሜ መጥቶ አንድ ውሻ ይዞ ቢወጣ ያ ውሻ ጭራውን መንከስ ላይጀምር ይችል ነበር።

ዝምታን የወሰዷት ጡረታ የወጡ እናት ናቸው። የመጡት ትንሽ ውሻ ፈልገው ነው፣ እሷ ደሞ ትንሽ አይደለችም። ፎቶውን አይተው ቆሙ፣ ካርዱን አነበቡ፣ "ወንበር ይሰጠኝ" አሉ። ወንበሩን ሰጠኋቸው፣ ኬጁ ውስጥ ገብተው ጎናቸውን ሰጥተዋት ተቀመጡና ከቦርሳቸው መጽሐፍ አውጥተው ማንበብ ጀመሩ። ምንም አላሏትም። 45 ደቂቃ አካባቢ ሲሆን ተነስታ መጣች፣ ጫማቸውን አሸተተች፣ ከዛ ሄዳ ተኛች፣ ግን በዚህኛው ጥግ ነው የተኛችው፣ እሳቸው ባሉበት በኩል። እሳቸው ገጹን ገለጡ እንጂ ዞር አላሉም፣ እኔ ያቃተኝን። በማግስቱ ተመልሰው መጡ፣ ከዛም በሶስተኛው ቀን። "የኔም ቤት ጸጥ ያለ ነው" ብለው ነው ፈርመው የወሰዷት። ከዛ ወዲህ ሁለት ጊዜ ደውለውልኛል፣ መጀመሪያ ሲደውሉ በአስራ አንደኛው ቀን እቃ ቤት ድረስ ተከትላቸው እንደገባች ለመንገር ነበር።

አሁን ከኬጆቹ በሮች ላይ ያሉትን ካርዶች የምጽፈው እኔ ነኝ። ድሮ እድሜ፣ ጾታ፣ ክትባት ብቻ ነበር የሚጻፈው፣ የዘር ነገርም ይገመትበት ነበር፣ በአይን የሚገመት ዘር ብዙ ጊዜ ስህተት ስለሆነ እሱን ትተነዋል። አሁን እንዴት እንደሚጠበቅ ነው የምጽፈው። የዝምታ ኬጅ ውስጥ ያለው ቦቢ ነው፣ ቢጫ፣ አንድ ጆሮው የተቆረጠ፣ ኮፍያ ያደረገ ወንድ ሲያይ ከአልጋው ኋላ የሚገባ። ካርዱ ላይ "ኮፍያችሁን አውልቁ፣ ወደ ጎን ዞራችሁ መሬት ተቀመጡ፣ 20 ደቂቃ ስጡት፣ ካልመጣ ነገ ድገሙለት" ብዬ ጽፌያለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ወደ አስር ሰአት ገደማ አንድ ወጣት ብቻውን መጣ፣ ኮሪደሩን አንዴ ሄደ፣ ተመለሰ፣ የቦቢ በር ላይ ቆሞ ካርዱን አነበበ፣ ኮፍያውን አውልቆ ኪሱ ውስጥ ከተተና ከበሩ ውጪ ሲሚንቶው ላይ በጎኑ ቁጭ አለ። አስራ አንድ ሰአት መዝጊያችን ነው። አስራ አንድ አለፈ፣ አስራ አንድ ተኩል ሆነ። ጋሼ ቁልፉን በእጃቸው እንደያዙ ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ግድግዳ ተደግፈው ቆመው ነበር፣ አልጠሩትም።